ቤት የሚመታ ፊደል

ልጄ ፊደል ጨርሳለች ብዬ ለደንበኛው ሁሉ ስጎርር ከርሜአለሁ። ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ወንበር ላይ አቁሜ «በይ እስቲ» ስላት ከሀ እስከ ፐ እንደ ውሃ ታወርደዋለች። ደንበኛው ያጨበጭባል፣ እኔም ደረቴን እነፋለሁ። ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ኩራት ካላችሁ ከአሁኑ ጠርጥሩት።

አንድ ቀን አስተማሪዋ አስጠራችኝ። መጽሐፍ ገልጣ «ጣ» ላይ ጣቷን አስቀመጠችና ልጄን ጠየቀቻት። ልጄ ከሀ ጀመረች። አስቆመቻት፤ እንደገና ከሀ። ለካ ልጄ ዜማውን እንጂ ፊደሉን አታውቀውም! በሁለት ወር ውስጥ ማንበብ ካልጀመረች አንደኛ ክፍልን ትደግማለች ተባልኩ። ጓደኞቿ ጥለዋት ሲያልፉ ታየኝ።

እኔ ግን መድኃኒቱ ቁጣ መሰለኝ። ፀጉር ቤቱ ጥግ አስቀምጬ ፊደል ቁጠሪ እላታለሁ። አንድ ቀን ሲሰለቻት ይህችን ግጥም ገጥማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለች፦

ደንበኛ መጣ፣
ሻይ ጠጣ፣
ሳይላጭ ወጣ፣
አባዬ ተቆጣ።

ደንበኞቼ በሳቅ ፈነዱ። የእኔ ግን ደሜ ፈላ። ቀልዱን ትተሽ ተማሪ ብዬ ጮህኩባት፤ እንባዋን ዋጥ አድርጋ እንደገና ከሀ ጀመረች። ሦስት ቀን ሙሉ ከፊደል ቆጠራው በቀር ቃል አልወጣትም።

ከእኔ ያስጣለቻት ልብስ ሰፊዋ እህቴ ናት። ሱቋ ስገባ ልጄ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች፤ እህቴ በልብስ ሰፊ ጠመኔዋ ጥቁር ጨርቅ ላይ የልጄን ግጥም አራት መጨረሻ ቃላት አንዱን ከአንዱ በታች ጽፋለች። ምን እየሠራችሁ ነው ብላት ቤት እያስመታኋት ነው አለችኝ። ቤቱ ምን በደለን አልኩ፤ አልሳቀችልኝም።

«በጨዋታ ፊደል የለየ ሰው አላየሁም» አልኳት።

«አንተ ያስተማርከው ጆሮዋን ብቻ ነው፤ ዓይኗንስ?» አለችና ወደ ልጄ ዞረች። «የኔ እናት፣ ግጥምሽ መጨረሻው ላይ ምን ምን ይላል?»

ልጄ ጣቷን በቃላቱ መጨረሻ ከላይ ወደ ታች አወረደች። አራት ጊዜ ያው ቅርጽ። «ጣ» አለች። ከሀ አልጀመረችም። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ማንም አላቆመኝም። በየማለዳው መስታወቱ ላይ በመላጫ አረፋ አንድ ቃል እጽፋለሁ፤ ልጄ ታነበዋለች፣ ደንበኛው ደግሞ ቤት የሚመታለትን ይፈልጋል። ቀላል አልነበረም፤ «ጠ»ን ከ«ጣ» ለመለየት ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ሁለቱ ወር ሲሞላ አስተማሪዋ መጽሐፉን ከመሃል ገለጠችው። ልጄ እየተንገዳገደችም ቢሆን አነበበች። ክፍሉን አልደገመችም።

ወላጆች፣ ልጅ ቃል ሲገጥም «አትለፍልፍ» አትበሉት። የገጠመውን ጻፉለት፤ ጣቱን ይዛችሁ ቤት የሚመታውን ፊደል አሳዩት። ይህን የምለው ዕውቀት ተርፎኝ አይደለም፣ ልጄን ዝም አሰኝቼ ስላየሁት ነው።

ትናንት መስታወቱ ላይ «ቁጣ» ብዬ ጻፍኩ። አነበበችው። ቤት የሚመታለት ቃል አምጪ ስላት አየት አደረገችኝና አረፋውን በመዳፏ ጠረገችው።

«ይውጣ» አለች።