ለዳገት የተመረጠው ጠመንጃ

ስልኩ ሲጠራ መርማሪዋ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ነበር። በዚያ ሰሞን ከሬሳ ወደ ሬሳ ስትባዝን ከርማ ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። ሰው ምን ነክቶት ነው እንዲህ ተጣድፎ የሚሞተው እያለች ነበር የምትነጫነጨው።

«ጠመንጃ መሸጫው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሞተዋል» አላት ረዳቷ። «አደጋ ነው ይላሉ። የሱቁ ጠመንጃ ጠጋኝ የጠመንጃቸውን ምላጭ አላልቶት ነበር። እኔ ነኝ የገደልኳቸው እያለ እያለቀሰ ነው። በካቴና አስረነዋል።»

«ካመነ ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው?»

«እንዲያው ይምጡ፣ አለቃ። ነገሩ አልዋጥልህ ብሎኛል።»

ወይ ጣጣ! እያጉረመረመች ጫማዋን አጠለቀች።

ሱቁ በጫማ መሸጫና በፋርማሲ መካከል የተሸጎጠ ነው። ከፊት መሸጫው፣ ከኋላው የጠጋኙ መሥሪያ ክፍል፣ ከዚያ ደግሞ ረጅምና ጠባብ የመተኮሻ ክፍል አለ። ደንበኛ ጠመንጃ ሳይሞክር አይገዛምና ክፍሉ ዳር እስከ ዳር በአሸዋ ከረጢት ተዘግቷል። ቀኑን ሙሉ ሲተኮስ ስለሚውል ጎረቤቱ እንኳ ተኩስ ሰምቶ ዞር አይልም።

ሽማግሌው ከክፍሉ ወገብ ላይ በጀርባቸው ወድቀዋል። ጥይቱ ደረታቸውን ነው ያገኛቸው። አጠገባቸው አንድ ቀጭን የአደን ጠመንጃ አፈሙዙን ወደ እሳቸው አዙሮ ተጋድሟል።

መርማሪዋ ጉልበቷ እየተንቋቋ ቁጢጥ አለች። መጀመሪያ ኮታቸውን አየች፤ ጥይቱ በገባበት ዙሪያ ጨርቁ ንጹሕ ነው፤ አልጠቆረም፣ አልተቃጠለም። ቀጥላ ፊታቸውን አየች። ነጭ፣ ወፍራም ቅንድባቸው እንዳለ ነው፤ ፊታቸው ላይ ጭረት እንኳ የለም። በመጨረሻ ጓንት አጥልቃ ጠመንጃውን ስታነሳው እጇ ከጠበቀችው በላይ ሽቅብ ሄደ።

«ይሄ ጠመንጃ ነው ወይስ ሸምበቆ?»

«ቀላል የሚባለው ነው» አለ ረዳቷ። «ማነጣጠሪያ መነጽር ተገጥሞለት እንኳ ልጅ ያነሳዋል።»

መነጽሩን አገላብጣ አየችው። በዓይን በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ክር የመሰለ ደም ደርቋል። ሌላው የጠመንጃው አካል ላይ ጠብታ የለም። ጠቅልላ ለረዳቷ ሰጠችው።

ሬሳው ተሸፍኖ ሊወጣ ሲል የሱቁ ሰዎች በር ላይ ተሰበሰቡ። የሟች ታናሽ ወንድም ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ረዳቷም ቆቡን አወለቀ። ባለሱቋ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ከድና ታለቅሳለች። ከእነሱ ኋላ፣ የሱፍ ኮፍያ እስከ ቅንድቡ የደፋ ጎበጥ ያለ ሰውዬ ቆሟል። እጁን ወደ ኮፍያው ላከና መለሰው። መርማሪዋ አየችው፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ምኑን ያስታውሳል ብላ አለፈችው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ጠጋኙን ነው። መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ፣ የታሰረ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

«ጋሼ ጣታቸውን ቁርጥማት ይዟቸዋል። ምላጩ ይከብደኛል፣ ትንሽ አላላልኝ አሉኝ። እምቢ አልኳቸው። ለመኑኝ። እሳቸው ሲለምኑ አንጀት ይበላሉ፣ እትዬ፤ አላላሁት። ከመሬት ሲያነሱት ኮታቸው ምላጩን ነካው መሰለኝ።»

«ስታይ ነበር?»

«ኧረ አላየሁም። እዚህ ብረት እየሞረድኩ ነበር፤ ማሽኑ ሲጮኽ የራሴን ድምፅም አልሰማ።»

«ታዲያ እንዲህ መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል፤ የነካካሁት እኔ አይደለሁ?» እንባው እንደገና መጣ። «ፈቃዴን ይነጥቁኛል፣ ያስሩኛል፤ ይሁን። ልጆቼ አባታችሁ ነፍሰ ገዳይ ነው ሊባሉ ነው። ግን እሱም አይደለም። እኚህ ሰው ሥራ ያስጀመሩኝ ናቸው። አባቴ ናቸው። በዚህ እጄ…»

መርማሪዋ ሲያለቅስ ያየችው ሰው ቁጥር ስፍር የለውም፤ እንዲህ በራሱ ላይ ፈርዶ የተቀመጠ ግን ብዙ አላጋጠማትም። ከበዳት፤ ውሃ አምጡለት ብላ ወጣች።

ባለሱቋ መደርደሪያውን ተደግፋ ቆማለች።

«ዛሬ ሱቁ ውስጥ ማን ማን ነበር?»

«እኔ፣ ጠጋኙ፣ ጋሼ፣ ወንድማቸውና ትከሻ። ሌላ ዝር ያለ የለም። በሩ ሲከፈት ደወል አለው። የኋላው በር ደግሞ የሚያወጣው ወደተዘጋው ግቢ ነው።»

«ትከሻ ማነው?»

«ያ ኮፍያ ያደረገው። ጋሼ ያወጡለት ስም ነው። አደን ሲወጡ ጠመንጃቸውን ተሸካሚው እሱ ነው። ከእጁ ጠመንጃ ተለይቶ አያውቅም።»

«ሽማግሌውስ እንዴት ያለ ደንበኛ ነበሩ?»

ባለሱቋ በሐዘኗ መሐል ፈገግ አለች። «ኧረ ተይኝ፣ እትዬ! ጠመንጃ አይደለም፣ ሚስት የሚመርጡ ነው የሚመስሉት። አንዱን ያነሱና ያንን ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ፣ ሲወጡ ሲወርዱ። እዚህ ቆመው ሲይዙት ሁሉም ቀላል ነው፣ እኔ የምፈልገው ዳገት ላይ የማይከዳኝ ነው ይላሉ። አሮጌው ጠመንጃቸው ብረት ብቻ ነው። ዛሬ ግን ቆረጠላቸው። ይሄን ወሰድኩ አሉ።»

«ደስ አላቸው?»

«እንደ ልጅ ነው የቦረቁት። በቃ ከእንግዲህ ማንንም አላስቸግርም፣ ራሴ ተሸክሜ እወጣለሁ አሉ። ምን ዋጋ አለው።»

ወንድምየው ተራው ሲደርስ ሳይጠየቅ ጀመረ። «አዎ፣ ጠዋት ተጣልተናል። ይሄንን ሴትዮዋ ሳትነግርሽ አትቀርም። ወንድም ጋሼ ልቡ ታማሚ ነው፤ አደን ይቅርብህ አልኩት። አንተ ቤትህ ተቀምጠህ ሙት አለኝ። በመጨረሻ ያወራነው ይሄንን ነው እንግዲህ።»

ቀኝ ትከሻውን ደጋግሞ ያሻል።

«ምን ሆነው ነው?»

«ትናንት ከእሱ ጋር እነዚህን ቀላል ጠመንጃዎች ስሞክር ነዋ። ሰው ቀላል ሲባል ለስላሳ ይመስለዋል። ከባድ ጠመንጃ ምቱን ራሱ ይውጠዋል፤ ይሄ ግን ምን ክብደት አለውና ይውጠው? ተኳሹን ነው የሚራገጠው። እኔ ከልጅነቴ የተኮስኩ ሰውዬ እንኳ ሌሊቱን በጎኔ መተኛት አቃተኝ።»

«ፊትዎንስ አልነካዎትም?»

«ፊቴን? ዓይኑን ከመነጽሩ ማራቅ የሚያውቅ ሰው ምን ይነካዋል?»

ትከሻ የተገኘው ግቢ ውስጥ፣ የሽማግሌው መኪና ጎማ ላይ ተደግፎ ተቀምጦ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። መርማሪዋ አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ብዙ ዘመን አብረው ነበሩ አሉ።»

«ፀጉሬ ጥቁር ሆኖ ነው የጀመርኩት» አለ። «እሳቸው እጃቸውን እያወዛወዙ ከፊት፣ እኔ ያንን ከባድ ጠመንጃ ይዤ ከኋላ። አውሬው ሲታይ አቀብላቸዋለሁ። ያለ ትከሻዬ አንድ ጋራ አልወጣም ይላሉ፤ ለእንግዳ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያስተዋውቁኝ።»

«ሲተኮስ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። መኪናውን እያጸዳሁ።»

«ሰሙት?»

«እዚህ ቤት ተኩስ መቼ ይጠፋል።»

መርማሪዋ መኪናውን አየችው። ጣት ቢያስኬዱበት የሚጻፍበት አቧራ ለብሷል። እያቃሰተች ተነሣች፤ ድካሟ ባሰባት እንጂ አልቀለላትም። አንዳንዴ ነገሩ ሲገባት እንዲህ ነው የሚያደርጋት።

ሁሉንም መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። «ተቀመጡ፤ እኔም ልቀመጥ፣ እግሬ አልቋል። ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ፤ ከዚያ ሁላችንም ወደየምንሄድበት እንሄዳለን።»

ጠጋኙ አንገቱን እንዳቀረቀረ ነው።

«አንደኛ፣ ምላጩ። ሳልጠራችሁ በፊት ባዶውን ጠመንጃ በሰደፉ ሲሚንቶ ላይ ደጋግሜ አጋጨሁት፤ በኮት ጫፍ ጎተትኩት። ንቅንቅ አላለም። ላልቷል እንጂ አልተበላሸም። ያለ ጣት አይተኩስም።»

ጠጋኙ ቀና አለ።

«ሁለተኛ፣ ኮቱ። ሰው አፈሙዝ ይዞ ሲያነሳ ቢተኮስበት ጥይቱ የሚመታው ከደረቱ ሥር ነው፤ እሳቱም ጨርቁን ያቃጥለዋል። የሽማግሌው ኮት ጥላሸት እንኳ አልነካውም። ስለዚህ የተተኮሰው ራቅ ብሎ ነው። ራቅ ብሎ ደግሞ ራሱን የሚመታ ሰው የለም። ሌላ ሰው ተኩሶ ሲያበቃ ጠመንጃውን አጠገባቸው አጋድሞታል።»

«ምን ጉድ ነው!» አለች ባለሱቋ። «ማን?»

«የጣት አሻራ አትጠይቁኝ፤ ዛሬ ያልነካው የለም። ሦስተኛው ግን አለ። መነጽሩ ላይ፣ በዓይን በኩል፣ ደም አለ። የሟች ነው እንዳልል ፊታቸው ጤነኛ ነው፤ ከደረታቸው ተረጭቶ ነው እንዳልል ሌላ ቦታ አንድ ጠብታ የለም። ስለዚህ የተኳሹ ነው። ቀላል ጠመንጃ እንዴት እንደሚራገጥ እኚህ ወንድማቸው ነግረውኛል። ዓይኑን መነጽሩ ላይ ለጥፎ የተኮሰ ሰው ጠርዙ ቅንድቡን ይተለትለዋል። እኔ የምፈልገው እንዲህ የቆሰለ ሰው ነው።»

እርስ በርስ ግንባር ለግንባር ተያዩ። የወንድምየው ገላጣ ግንባር፣ የባለሱቋ፣ የጠጋኙ ላብ ያጠመቀው፤ ሁሉም ደህና ነው።

«ትከሻን ልትይ ነው?» ወንድምየው ተቆጣ። «እሱማ ከማናችንም በላይ ጠመንጃ ያውቃል! ዕድሜ ልኩን…»

«ዕድሜ ልኩን ተሸከመ። ሲተኩስ አይተውት ያውቃሉ?»

ወንድምየው አፉን ከፈተ። አሰበ። መልሶ ገጠመው።

«ጠዋትማ…» አለች ባለሱቋ ቀስ ብላ፣ «ጠዋት ሲገባ ባዶ ራሱን ነበር።»

«ኮፍያዎን ያውልቁልኝ፣ አባባ» አለች መርማሪዋ።

ትከሻ ራሱ አወለቀው። የሱፉ ክር ከደረቀው ደም ጋር ተጣብቆ ነበርና ፊቱን አጨማደደ። ከቅንድቡ በላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ቁስል አለ።

«እንካ አንሳው አሉኝ» አለ፣ ማንንም ሳያይ። «አነሳሁት። ቀለለኝ። አየህ፣ በቃ አሳርፌሃለሁ ብለው ሳቁ። ክፋት አልነበረውም ሳቃቸው፤ የጠቀሙኝ ነው የመሰላቸው።»

«ከዚያስ?»

«አንድ ቀን እንኳ ልተኩስ ብያቸው አውቃለሁ፤ አንተ ትከሻ ነህ እንጂ ዓይን አይደለህም ይሉኛል። ዛሬ ግን ደስ ብሏቸው ነበርና ሞክረው አሉኝ። ጥይት ጎርሷል፣ ወደ አሸዋው ያዝ ብለው የዒላማውን ወረቀት ሊሰቅሉ ሄዱ። እሳቸው እንደሚያደርጉት ዓይኔን መነጽሩ ላይ አደረግሁ። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። የነበረኝ ያ ክብደት ነው፣ እትዬ። እሱን አንስተው ባዶ እጄን ወደ ቤት ሊሰዱኝ ነው። ወደ እኔ ሲዞሩ… አዞርኩት።»

ወንድምየው ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። መርማሪዋ ለረዳቷ በዓይኗ ምልክት ሰጠችው። ረዳቷ ካቴናውን ከጠጋኙ እጅ ፈትቶ ትከሻን አሠረበት።

ጠጋኙ የተፈታ እጁን እንኳ አላየውም። የሚያየው ትከሻን ነው።

«እኔ ገደልኳቸው እያልኩ መሬት ስንከባለል» አለው፣ «አጠገቤ ቁጭ ብለህ ጀርባዬን ታሸኝ ነበር እኮ። አይዞህ፣ ሳታውቅ ነው ትለኝ ነበር።»

«ከልቤ ነው ያልኩህ» አለ ትከሻ። «አሳዝነኸኝ ነበር።»

«እኔ ታስሬ ልጆቼ ሲበተኑም ታዝንልኝ ነበር?»

ረዳቷ ትከሻን ይዞት ወጣ። ባለሱቋም ወንድምየውን ደግፋ አስነስታ ወደ ፊተኛው ክፍል ወሰደችው።

መርማሪዋ መነሳት አቅቷት እዚያው ተቀምጣ ቀረች። መያዝ የነበረበት ሰው ተይዟል፤ ደስ ግን አላላትም።

«ቤት ደውለሃል?» አለችው ጠጋኙን።

«ጠዋት ደውዬ ነበር። ሰው ገድያለሁ፣ ልጆቹን ወደ እናትሽ ቤት ውሰጂያቸው ብያታለሁ።»

«እንግዲያው አሁን ደውልላት።»

ቁጥሩን ሁለቴ ሳተ። ሚስቱ አንስታ ገና ሳትናገር «እኔ አይደለሁም» አላት። «እኔ አልገደልኳቸውም፤ ልጆቹን መልሻቸው።» ከዚያ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ ማልቀስ ብቻ ሆነ፤ እሷም በዚያኛው በኩል ታለቅሳለች፤ መርማሪዋ ሁለቱም እስኪወጣላቸው ድረስ ጠበቀች።