የዳኛው ዝምታ በቧሂት መንገድ

በረዶው ያገኛቸው ሳንቃበር ሳይደርሱ ነው። ከደባርቅ ሲነሱ ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ ከቀትር በኋላ ግን ከገደሉ ሥር የተነሣ ጉም መንገዱን ዋጠው፤ ወዲያው የባቄላ ፍሬ የሚያህል በረዶ ይወርድ ጀመር። ዳኛው የተባለው ጎንደሬ የበቅሎዋን ልጓም ጨብጦ እየተንሸራተተ ጎተታት።

«ወንጌሉን ሸፍነው» አሉ መምሬ ወልደኢየሱስ ከኮርቻው ላይ።

«እርስዎን ላስቀድም እንጂ፣ አባቴ።»

«እኔን ብርድ ቢመታኝ እርጅናዬ ነው። እሱ ግን አደራ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በጣሊያን ጊዜ የጃናሞራ መንደራቸው ሲቃጠል፣ መምሬ የዋሻ ማርያምን ባለሥዕል ወንጌል በጀርባቸው አዝለው ጎንደር ገቡ። «በእጄ ወስጄዋለሁ፣ በእጄ እመልሰዋለሁ» ብለው ምለው ነበር። ሰላም ሆነ፤ ዛሬ ነገ ሲሉ ጉልበታቸው ከዳቸው። በመጨረሻ የክርስትና ልጃቸውን ዳኛውን «ሳልሞት አድርሰኝ» አሉት።

ዳኛው በፋሲል ግንብ እንግዳ የሚያስጎበኝ፣ ምላሱ ፒያሳ ላይ የታወቀ ሰው ነው። ተጠይቆ መልስ አጥቶ አያውቅም። ከግንቡ ውስጥ አንዲት ባዶ ክፍል አለች፤ ዛሬ «የእቴጌይቱ ሽቶ ቤት ናት» ካለ፣ ነገ የአንበሳ ደቦል ማሳደጊያ ትሆናለች። ወደ ሰሜን ተራሮች የወጣውም ለመምሬ ብቻ ብሎ አይደለም። ፈረንጆቹ ከግንቡ ሌላ ሸጋ ነገር አሳየን እያሉ ስላስጨነቁት፣ ዋሻ ማርያምን አይቶ በወሬው ሊኳኩላት አስቦ ነው።

ሌሊቱን እረኞች በተዉት ጎጆ አሳልፈው፣ በማግስቱም ሲጓዙ ውለው አድረው፣ በሦስተኛው ቀን ሲነጋጋ የቧሂትን አቀበት ተያያዙት። ውርጩ የጅባራውን ቅጠል አንጥቶታል። ድንገት የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ እየጮኸ ወደ ገደሉ ተበተነ። ዳኛው ቀና ሲል ነብር ከድንጋይ ላይ ተወርውሮ በበቅሎዋ ታፋ ላይ ተከመረ።

በቅሎዋ ተራገጠች፤ መምሬ ተሽቀንጥረው ወደቁ። ዳኛው ድንጋይ አንሥቶ ወረወረ፣ ጮኸ፣ ደገመ። ነብሩ ለቅቆ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ፤ በቅሎዋ ግን ደንብራ ከነስንቁ ገደል ገባች። የወንጌሉ የቆዳ ማኅደር ብቻ፣ ማንገቻው አስታ ግንድ ላይ ተጠልፎ ከታች ተንጠልጥሎ ቀረ።

መምሬ እግራቸው ተሰብሯል፤ ዓይናቸው ግን ማኅደሩ ላይ ነው። ዳኛው በሆዱ ተኝቶ፣ እግሩን ወደ ገደሉ ለቅቆ፣ የሣር ሥር እየጨበጠ ወረደ። አንድ ጫማው ወልቆ ወደቀ፤ ሲያርፍ አልተሰማም። ማንገቻውን ሲስበው የማኅደሩ ቆዳ ተተረተረ። መጽሐፉን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ክርኑ እየደማ ወጣ።

ማኅደሩ ስለተቀደደ፣ መምሬ ለቤተ ክርስቲያኑ ስጦታ ብለው በብብታቸው የያዙትን ቀይ ግምጃ ሰጡትና ወንጌሉን ጠቀለለበት። አንድ ትከሻው ለሽማግሌው ድጋፍ ሆነ፤ ሌላው ክንዱ ከክርኑ ቆስሏል፤ ስለዚህ ነጠላውን በራሱ ላይ ጠምጥሞ መጽሐፉን እዚያ ላይ አስቀመጠው። እንዲህ እያነከሱ ቁልቁለቱን ጀመሩ።

ከአለቱ ጀርባ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ብቅ አሉ።

«ቁም። ራስህ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለ መሪያቸው። በአካባቢው የሚፈራው ሽፍታ አድማሴ ነበር።

መምሬ «ዋሻ ማርያም…» ብለው ሳይጨርሱ ራሳቸውን ሳቱ። ዳኛው አፉን ከፈተ፤ መልስም ነበረው፣ እንዲያውም ሦስት አራት። ያን ጊዜ ከሽፍቶቹ አንዱ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ።

«ምነው አያ አድማሴ፣ ግምጃውንና ጥምጥሙን አታይም? ታቦት እኮ ነው።»

ታቦት የተሸከመ ካህን አይናገርም። ዳኛውም አፉን ዘጋ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ውሸት ግን ይገባል።

አድማሴ በግንባሩ ተደፋ። ከዚያ ተነሥቶ አስታ አስቆረጠና መምሬን በቃሬዛ አሸክሞ ከፊት ቀደመ። በየመንደሩ እልልታው ደመቀ፤ ጥላ ተዘረጋ። ዳኛው አንገቱ ሊቀነጠስ ደረሰ፤ ውኃ ጠማው፤ እንዳይጠይቅ አፉ ታስሯል። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ዝም ብሎ አያውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ዋሽቶ አያውቅም።

ከዋሻ ማርያም ሥር ያለው ጭቃ ላይ ሲደርሱ፣ እንኳየሁ የሚባሉ አሮጊት ያላቸውን አንድ ነጠላ አውልቀው ከፊቱ አነጠፉለት። በብርድ እየተንቀጠቀጡ «ለታቦቱ ነው፤ እለፍ ልጄ» አሉት። ሕዝቡ ከኋላ ይገፋል፤ ዳኛው በአንድ ጫማና በአንድ ጭቃማ እግር ረግጦት አለፈ። አፈረ።

አለቃ ሀብተ ማርያም ካህናቱን አስከትለው ከደጀ ሰላሙ ወጡ። ታቦቱን ተቀብለው ወደ መቅደስ ሊያስገቡ እጃቸውን ዘረጉ። ዳኛው ቃሬዛውን አየ። ግምጃው መቅደስ ውስጥ ሲፈታ፣ ሕዝቡን አታለሉ የሚባሉት ካህኑ፣ ራሳቸውን የማያውቁት እኒያ ሽማግሌ ናቸው። ከጎኑ ደግሞ የአድማሴ ጠመንጃ አለ።

«አይቀበሉኝ» አለ ዳኛው። ድምፁ ሻክሮ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «ታቦት አይደለም። ከዚህ የወጣው ወንጌላችሁ ነው። እኔም ካህን አይደለሁም። መምሬ አያውቁም፤ ዝም ብዬ የዋሸኋችሁ እኔ ነኝ።»

እልልታው ቆመ። አድማሴ ጠመንጃውን አቀባበለ።

«ግንባሬን መሬት አስነክተኸኛል። ምነው እስካሁን ዝም ብለህ አሁን ተናገርህ?»

«መምሬ በእኔ ኃጢአት ሊጠየቁ ነው። ከዚህም በላይ…» ዳኛው ወደ እንኳየሁ ዞረ። «ነጠላዎን ረገጥሁት፣ እናቴ።»

አድማሴ ጭቃ የነካውን ነጠላ አየና አፈሙዙን ወደ መሬት መለሰ።

«ኃጢአትህን ለካህን ንገር። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ነጠላቸውን ታጥባለህ።»

አለቃ ግምጃውን ፈቱት። ሥዕሎቹ ሲታዩ ሽማግሌዎቹ አለቀሱ፤ ልጅ ሳሉ የሚያውቋቸው ነበሩ። ዓይናቸውን የገለጡት መምሬ መጽሐፉን በገዛ እጃቸው ለአለቃ አስረከቡ። ወንጌል ሲነበብ ማንም አይቀመጥምና ሕዝቡ ሁሉ፣ ሽፍታውም ጭምር፣ ቆሞ አዳመጠ። ዳኛው ግን ወንዝ ወርዶ፣ እጁ ደም እስኪመስል የአሮጊቷን ነጠላ በእንዶድ ያሽ ነበር።

ጎንደር በተመለሰ ሰሞን አንዲት እንግዳ ባዶዋን ክፍል አይታ ምን እንደነበረች ጠየቀችው። ሽቶው ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ዋጠው።

«አላውቅም» አለ።

የግንቡ ዘበኛ ባዬ ከተደገፈበት ግድግዳ ቀና አለ።

«ዳኛው፣ አሞሃል እንዴ?»

«አሞኝ ነበር» አለ ዳኛው። «አሁን ተሽሎኛል።»