ለኮሮላዋ የማይሆነው ሪሞት

ሰቦቃ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች፣ ባሕር ዛፉ መሀል በቆመችው አሮጌ ኮሮላው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ከጎኑ የመርዝ ጠርሙስ ነበረ፤ በሮቹ ሁሉ ተቆልፈዋል። በማግስቱ ኢንስፔክተር ታዴዎስ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ጉልበቱ እየዛለ ዳገቱን እንደገና ወጣ። መኪናዋ አጠገብ የሟቹ ሚስት የማርያምወርቅ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው።

«ካህናቱ ራሱን ካጠፋ ፍትሐት የለውም አሉኝ» አለችው። «ባሌን እንደ ውሻ ልቅበረው?»

«ትናንት ያዩትን እንደገና ይንገሩኝ።»

«ስንቴ ልንገርዎ? ሳይገባ ሲያድር ከወንድሙ ከዱጋሳ ጋር ፍለጋ ወጣን። በመስታወቱ ሳይ የመኪናዋ ሪሞት ጭኑ ላይ ነበር። ዱጋሳ መስታወቱን ሰብሮ አነሣውና ሲጫነው መኪናዋ ጢጥ ብላ ተከፈተች።»

«በእጅ አትከፈትም?»

«መቆለፊያው ከተበላሸ ቆየ እኮ» አለ ከኋላዋ የቆመው ዱጋሳ። «ከውስጥም ከውጭም ያለ ሪሞት አይሆንም። ራሱ ላይ ዘግቶ ነው የሞተው፤ ምን ያከራክራል?»

ታዴዎስ፣ ዱጋሳ ለፖሊስ ያስረከበውን ሪሞት አውጥቶ ተጫነ። ቀይዋ መብራት በራች። መኪናዋ ዝም። ጠጋ ብሎ ደገመ። ዝም።

«ባትሪው ደክሞ ይሆናል» አለ ዱጋሳ።

«የደከምኩስ እኔ ነኝ።» ወደ ሴትየዋ ዞረ። «ሌላ ሪሞት የላትም?»

«የእኔ ሪሞት ታክሲ ውስጥ ጠፋ። ምትኩን ስንፈልግ ጉተማ ጋራዥ አንድ አሮጌ ተገኘ፤ ዱጋሳ አምጥቶ ቢሞክረው አልሠራም።»

«መለስኩለት እኮ!» አለ ዱጋሳ ቸኩሎ።

ታዴዎስ ለባለጋራዡ ለጉተማ ደውሎ ጫማውን አወለቀና ተቀመጠ። ጉተማ ከመሪ ሰፈር ሪሞቱን ይዞ ሲደርስ ያለከልክ ነበር።

«ጌታዬ፣ በዚህ ዳገት ሰው ይጠራል?»

«እኔም ወጥቼዋለሁ። መቼ መለሰልህ?»

«ትናንት ከሰዓት። ስንት ጊዜ ስጨቀጭቀው ከርሞ፣ ወንድሙ ሞቶ በተገኘበት ቀን አመጣው። አፍሬ ተቀበልኩት።»

«ተጫነው።»

«ለዚች አይሆንም። መልኩ አንድ ነው እንጂ የሌላ ዓመት መኪና...»

ጢጥ አለች፤ አራቱም በሮች ተከፈቱ። ጉተማ ሪሞቱን ገልብጦ አየው።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለ ታዴዎስ ድምፁን ሳያነሣ። «ዱጋሳ ትናንት ከጭኑ ላይ አነሣሁት ብሎ ያስረከበን ይህ የማይሠራው ነው። መኪናዋ ግን ያኔ ተከፍታለች፤ የከፈታትም አሁን ጉተማ የያዘው ነው። ስለዚህ ዋናው ሪሞት ውጭ ነበር፤ በሩን በዘጋው ሰው እጅ። ዱጋሳ፣ መርዙን ካጠጣኸው በኋላ የማይሠራውን ጭኑ ላይ ትተህ በዋናው ከውጭ ዘጋህ። ጠዋት ሚስቱን ለምስክርነት ይዘህ መጣህ። የማይሠራውን አንሥተህ የተጫንክ መሰልክ፤ የከፈትከው ግን ኪስህ ውስጥ ባለው ነው። ከዚያ ዋናውን ለእኛ፣ የማይሠራውን ለጉተማ ልትሰጥ አስበህ ነበር። መልካቸው አንድ ሆነና አንተንም አሳሳቱህ።»

ዱጋሳ ወደ ተሰበረው መስታወት ዞረ። «የአባታችንን የየካ አባዶ መሬት እንሽጥ ብዬ ብለምነው አልፈርምም አለ» አለ።

«ስለ መሬት!» አለች የማርያምወርቅ።

ፖሊሶቹ ዱጋሳን ይዘውት ወረዱ። ታዴዎስ ያበጠ እግሩን ጫማው ውስጥ እንደምንም አስገባና እጁን ዘረጋላት።

«ይነሡ እንጂ። ካህናቱ ጋ አብረን እንሂድ፤ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

ቤተ ክርስቲያኑ ከላይ ነው። ዳገቱ ገና ነበር።