በየኔታ አንገት የነበረው ካርድ

የኔታ ወልደማርያም ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ገደል ሥር ሞተው ተገኙ። መቋሚያቸው አፋፉ ላይ ቀርቷል፤ የአንገታቸው ክር ተበጥሷል። የንፋስ መውጫ ከተማም ሳታጣራ ፈረደች፤ ወሬ መቼ ማስረጃ ይጠይቃል! «ደቀ መዝሙሩ ንጋቱ ነው፤ ጠዋት ሲቆጡት ሰምተናል» ተባለና ታሰረ።

እናቱ ላቀች ጉዳዩን በያዘችው በኢንስፔክተር ሕሊና እግር ላይ ወደቁ።

«ኧረ በማርያም! ልጄ ዕድሜውን እስር ቤት ሊጨርስ ነው!»

«ይነሡ እናቴ፤ ገና አልጨረስኩም» አለቻቸውና ንጋቱ ወደታሰረበት ገባች።

«ለምንድን ነው የተቆጡህ?»

«ዜማ ስቼ ነው። የኔታ ዜማ ሲሳት አይወዱም እንጂ እኔንስ ይወዱኝ ነበር።»

«አንገታቸው ላይ ምን ነበር?»

«ካርዱ ነዋ! ፎቶ አንሺው ዳንኤል ዝማሬያቸውን ሁሉ በካሜራ ቀርጾላቸው ነበር። ሳይቆራረጥ እንዲያልቅ ብለው ብዙ የሚይዝ ትልቅ የካሜራ ሚሞሪ ካርድ አስገዙ። ዩቲዩብ ላይ እንዳይወጣባቸው በቆዳ ማኅደር ሰፍተው አንገታቸው ላይ አሰሩት። የሞቱ ዕለት እኩለ ቀን ላይ አንገታቸው ላይ አይቼዋለሁ።»

ሕሊና ስትፈትሽ ካርዱ ከዳንኤል ሱቅ መሳቢያ ተገኘ። ሰውዬው ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀም።

«ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ራሳቸው ሰጡኝ። እስኪመሽ እዚሁ ኮምፒውተሬ ላይ ሳዳምጠው ዋልኩ።»

«በካሜራው አይደለም?»

«ካሜራውንማ ረዳቴ ደምሌ ያን ዕለት በማለዳ ለሠርግ ወደ ወገዳ ከተማ ይዞት ሄዷል።»

መልሱ ፈጠነ፤ ሕሊናም ይህ ፍጥነት አልጣማትም።

ደምሌ ካሜራውን ይዞ እንደተመለሰ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ንጋቱ ካቴና እንዳጠለቀ ከእናቱ ጎን ቆሟል።

«ዳንኤል፥ እስቲ ያዳመጥከውን አሰማን።»

ዳንኤል ካርዱን ሰካ። ኮምፒውተሩ ጥቂት ዘገየና ፎርማት ካልተደረገ፥ ማለትም ያለበት ሁሉ ካልተደመሰሰ፥ አላነበውም አለ። ሰውዬውን ላብ አጠመቀው።

«ተ... ተበላሽቷል!» ፎርማት የሚለውን ሊጫን ጣቱን ሰነዘረ።

«እንዳትነካ! ሁሉም ይጠፋል!» ሕሊና ካርዱን ነቅላ ለደምሌ ሰጠችው። ደምሌ ካሜራው ውስጥ ከተተው።

«ደህና ነው፤ ሁሉም አለ» አለ።

«ያረጀው የኮምፒውተርህ ሲስተም ነው» አለች ሕሊና ወደ ዳንኤል ዞራ። «ትንሽ ካርድ በትንንሽ ክፍል ተከፋፍሎ ይጻፍበታል፤ ያንን ያነባል። ይሄ ግን ትልቅ ስለሆነ ካሜራው የጻፈበት በሰፋፊ ክፍልና በአዲስ አደራደር ነው። ኮምፒውተርህ አደራደሩን አያውቀውም፤ ስለዚህ ፎርማት አድርገው ይላል። አንተ በትንንሹ ካርድ ስትሠራ ስለኖርክ ይሄንንም ያነበዋል ብለህ አሰብክ። አንድ ጊዜ እንኳ ሰክተኸው ቢሆን ይህን ውሸት አትመርጥም ነበር።»

ሕሊና ደምሌ ወደያዘው ካሜራ አመለከተች።

«ያን ቀን ካሜራው ወገዳ ነበር፤ ኮምፒውተሩ አያነብም። ታዲያ ካላዳመጥክ የት ዋልክ? ንጋቱ እኩለ ቀን ላይ ያየውን ካርድ ጠዋት ተቀበልኩ ያልከውስ ለምንድን ነው? ክሩን የበጠሰው ገደሉ አይደለም ዳንኤል፤ የአንተ እጅ ነው።»

«መግደል አልፈለግሁም!» ዳንኤል ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። «ዩቲዩብ ላይ ልልቀቀው ብዬ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉኝ። ክሩን ስጎትተው ተበጠሰና ወደ ኋላ... ወደ ገደሉ...»

በሬ ሆይ፥ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! በሬውስ የወደቀው ራሱ ነው፤ ይሄ ግን መምህር ይዞ ጠፋ።

ካቴናው ከንጋቱ እጅ ወደ ዳንኤል እጅ ዞረ። ላቀች የልጃቸውን አንገት አቅፈው አለቀሱ።

ደምሌ ካሜራውን ከፈተው። የየኔታ ድምፅ ሱቁን ሞላው፤ ዝማሬውን መሀል ላይ አቆሙና ሳል ብለው፥ «ንጋቱ ልጄ፥ እኔ ደከመኝ፤ አንተ ቀጥል» አሉ።

ንጋቱ ካቴናው ያሻከረውን እጁን እያሻሸ፥ እንባው እየወረደ፥ መምህሩ ካቆሙበት ቀጠለ። ዜማውንም አልሳተም።