ከትራስ ሥር የወጣ ድንጋይ

ቲቸር ፍሬምናጦስ መዶሻውን ሲያነሱ ትርንጎ የዴስኳን ጠርዝ ጨብጣ ያዘች። ጠረጴዛው ላይ ያለው ድንጋይ የአያቷ የቆዳ መፋቂያ ነው። አባባ ጂራታ አገር ቤት ሳሉ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ቆዳ እየፋቁ ነበር። አዲስ አበባ፣ ጌጃ ሰፈር ሲገቡ ከዚያ ሁሉ ዕቃ ይዘው የመጡት እሱን ብቻ ነው። አሁን አልጋ ከያዙ ከርመዋል። ለሳይንስ ክፍል ድንጋይ አምጪ መባሏን ስትነግራቸው ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ሰጧት።

«የአያቴ ነው በያቸው። ታዲያ አደራ፣ መልሺልኝ» አሏት።

እሷ ግን ቲቸር ከየት እንዳመጣችው ሲጠይቋት «ሰንጋ ተራ፣ ግንባታው አጠገብ አገኘሁት» ብላ አረፈችው። ምን ታድርግ! አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ናዝሬት ባለፈው አንዱን የሰፈር ልጅ «ተይው ባክሽ፣ የፋቂ ዘር ነው» ስትል ሰምታለች። ያን ቀን አብራት ስቃለች።

«ይሄ ድሮ የሐይቅ ደለል ነበር» አሉ ቲቸር። «እሳተ ገሞራ ፈነዳና አመዱ ላዩ ላይ ወረደበት። ውሃ በአመዱ ውስጥ ሲያልፍ ሲሊካ የሚባለውን ነገር አሟሙቶ ወደ ታች ይዞት ይሰርጋል። ሲሊካው በደለሉ መሀል ቀስ እያለ ሲጠጥር ያ ጭቃ እንዲህ ይሆናል፤ ሲሰበር ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለታም ነው። ከመንገድ የተገኘ ስለሆነ ሰብረን ውስጡን እንየው። ቅር ይልሻል?»

ናዝሬት ዞር ብላ አየቻት። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

«አይ፣ ቲቸር» አለች ትርንጎ።

ድንጋዩ በአንድ ምት ተሰነጠቀ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

ቤት ስትገባ አባባ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡ። ስብርባሪውን አስጨበጠቻቸው፤ ዕንባዋ ቀደማት። በጣታቸው ዳበሱት።

«የማን ነው አልሻቸው?»

«መንገድ ላይ አገኘሁት አልኩ።»

ቢቆጧት በወደደች።

«ደግ አደረግሽ» አሉ በመጨረሻ። «እኔም ለጎረቤቱ ሁሉ ገበሬ ነበርኩ ነው የምለው።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እራት ቢቀርብላቸው አልቀመሱም።

ጠዋት ናዝሬት እንደ ልማዷ ደጅ ቆማ ተጣራች። ትርንጎ ቤት አስገብታት አታውቅም።

«ጀለሴ፣ ረፈደ እኮ!»

ትርንጎ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ናዚ፣ ግቢ። አያቴ ናቸው። ትናንት የተሰበረው ድንጋይ የሳቸው ነው፤ ቆዳ ፋቂ ነበሩ።»

አባባ ነቅተው ይሰማሉ፤ ፊታቸውን ግን ከግድግዳው አልመለሱም።