የዑራኤል ቀን መኮትኮቻ

ፍሬሕይወት ዓርብ ማለዳ ከገደሉ ሥር ሞታ ስትገኝ አጠገቧ መኮትኮቻ ወድቆ ነበር። አስከሬኗን መጀመሪያ ያዩት ውኃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች ናቸው። ከአስከሬኑ ይልቅ ግን ያስደነገጣቸው መኮትኮቻው ነው። ሰው ከገደል ይወድቃል፤ ያለ ነገር ነው። ትናንት፣ ኅዳር ሃያ ሁለት፣ በደብሩ ታቦት በቅዱስ ዑራኤል ቀን አፈር መንካት ግን በዚያ አጥቢያ ተሰምቶ አያውቅም። ስለዚህ ፖሊስ ሳይደርስ ፍርዱ አለቀ፤ «በቀኑ ቆፈረች፣ ዑራኤል ቀሠፋት» ተባለ።

ኢንስፔክተር የሻረግ ከአርብ ገበያ ከተማ መንገዱ እስከሚያልቅበት በባጃጅ፣ የቀረውን በእግሯ መጥታ ስትደርስ ይህንኑ ፍርድ ከሦስት ሰው አፍ ሰማች። አጠር ወፈር ያለች፣ ሲያናግሯት የምታንቀላፋ የምትመስል ሴት ናት። እንደማታንቀላፋ አጥብቀው የሚያውቁት እስር ቤት ያሉት ናቸው።

የሟቿ አባት መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ከአስከሬኑ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አርባ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ ሰው ዛሬ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ቀርታቸዋለች።

«ልጄ በዑራኤል ቀን አፈር አትነካም» አሉ።

«አምናለሁ፣ መሪጌታ። ትናንት ስትወጣ የለበሰችው ይህንኑ ነጠላ ነው?»

«ይህንኑ ነው። ለበዓሉ ራሷ አጥባ አስቀመጠችው፤ ጠዋት ከሳጥን አውጥታ ለበሰችው። ከቅዳሴ መልስ እህል ቀመሰችና ‹ዛፎቼን ተሰናብቼ ልምጣ› ብላኝ ወጣች። ዐሥር ሰዓት ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲያ... እኔ ከጎረቤት ያመሸች መስሎኝ...»

የሻረግ ተንበርክካ ነጠላውን አየችው። ትከሻው ላይ በእጅ የተጨመደደ ቦታ አለ፤ በእጥፋቱ ውስጥ ቢጫ ነገር ተሰክቷል። በጥፍሯ አወጣችው። የገብስ እብቅ ነው። የመኮትኮቻው እጀታ በጎማ የተጠቀለለ ነበር፤ ከጎማው ሥርም ያንኑ እብቅ አገኘች። በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተችውና ለማንም ሳትናገር ገደሉን ወጣች።

«ዛፎቼ» ያለችው በከንቱ አይደለም። ፍሬሕይወት ከሦስት ዓመት በፊት የሠፈሩን ወጣቶች አስተባብራ ከምንጩ በላይ ያለውን ራቁት ተራራ ከከብት ከልክላ፣ ችግኝ ተክላበት ነበር። ዛፉ ሲይዝ ደርቆ የነበረው ምንጭ ተመለሰ። በዚህ ሥራዋ በፌዴራሉ ምክር ቤት የአካባቢ ጉዳይ በሚያይ ኮሚቴ ዘንድ ለስድስት ወር ተለማማጅ እንድትሆን ተመረጠች። ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ልትሳፈር፣ ሰኞ አዲስ አበባ ልትገኝ ነበር። ለዚህ ዞን የተሰጠው ቦታ አንድ ብቻ ነው። እሷ ብትቀር ተጠባባቂው ምንተስኖት ይሄዳል፤ እሱም ቢቀር ቦታው ለሌላ ዞን ይተላለፋል። ከዚህ ገደላገደል ተነሥቶ ስለ ውኃ ጥም በዚያ አዳራሽ የሚናገር ሰው ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ሕዝቡም ይህንን እንደ ልጁ ስም ያውቀዋል።

ከገደሉ አፋፍ ላይ የሦስት ወይራ ችግኞች ሥር ትኩስ ተኮትኩቷል። የሻረግ ለረጅም ጊዜ ቁጭ ብላ አየችው። አፈሩ ከቁልቁለቱ በኩል እንደ ቅንድብ ጎበጥ ብሎ ተከትሯል፤ ዝናብ ቢመጣ ውኃው ከችግኙ ሥር እንዲቀር ነው። ሦስቱም ክትሮች እኩል ናቸው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ገበሬውን ጥጋቡን ነው። ባለፈው ሳምንት በሬው ከተከለከለው ተራራ ገብቶ ስለታሰረበት በሰው ፊት «ገደል ይግባሽ!» ብሏት ነበር።

«ብያለሁ» አለ ጥጋቡ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሸ። «አፌ ይቆረጥ፣ ብያለሁ። በሬ ታስሮበት የሚመርቅ አለ እንዴ?»

«ትናንት የት ዋሉ፣ አያ ጥጋቡ?»

«የዑራኤል ማኅበር ነበረብን፤ ስንጠጣ ዋልን። ጎረቤቱን ሁሉ ጠይቂ። እንዲያው ግን ልለምንሽ፣ ያን የማዶውን ልጅ፣ ምንተስኖትን፣ ቶሎ ጠይቀሽ ልቀቂው። ነገ አውቶቡሱ እንዳያመልጠው። የቀረን እሱ ብቻ ነው።»

ሁለተኛው አንተነህ ነበር፤ እጮኛዋ። አርብ ገበያ ያስተምራል፤ የደብሩም ዲያቆን ነው። ዓይኑ አብጧል።

«አትሂጂ ብያት ነበር» አለ ሳይጠየቅ። «ለስድስት ወር ብሎ ሸገር የሄደ መች ይመለሳል? ረቡዕ ተጣላን። ትናንት ማኅሌት ቆሜ ከሩቅ አየኋት። ከሰዓት እታረቃታለሁ እያልኩ... አልደፈርኩም።»

«እስቲ ዙር፣ ጃኬትህን ልየው» አለችው። ዞረ። ጃኬቱ ላይ አንዲት ብናኝ አልነበረችም።

ሦስተኛው ምንተስኖት ነው። ከሸለቆው ማዶ፣ ከጊዮርጊስ አጥቢያ የመጣ ቀጭን ወጣት ነው። በተፈጥሮ ሀብት ከተመረቀ አምስት ዓመቱ፤ ሥራ ግን አላገኘም። ከፍሬሕይወት ጋር ያንን ተራራ በገመድ የለካ እሱ ነው። ዛሬ የጉዞ ቦርሳውን ተሸክሞ መጥቷል።

«እዚህ ድረስ ቦርሳህን ይዘህ?»

«ሽማግሌዎቹ ናቸው ያሉኝ። ከቀብር በቀጥታ ወደ አርብ ገበያ ውረድ አሉኝ።» አለቀሰ፤ ለቅሶው የእውነት ነበር።

«ትናንት ምን ስትሠራ ዋልክ?»

«ገብስ ስንወቃ። እስከ ዘጠኝ አውድማ ላይ ነበርኩ፤ ራሴን አመመኝና ተኛሁ። ወደዚህ ማዶ ከእሑድ ወዲህ አልተሻገርኩም።»

«ሃያ ሁለት ለእናንተ የሥራ ቀን ነው?»

«እኛ የምናከብረው ሃያ ሦስትን ነው። የጊዮርጊስን።»

የሻረግ ራሷን ነቀነቀች፤ ፊቷ ላይ ግን ደስታ አልነበረም። ከመሪጌታ ቤት የሟቿን የታሰረ ሻንጣ አስመጣች፤ ከውስጡ ያገኘችውን ሰማያዊ ፋይል ብቻዋን ሆና አነበበችና ብብቷ ሥር ይዛ ተነሣች።

በዘጠኝ ሰዓት ሁሉንም ደጀ ሰላም ሰበሰበቻቸው። ከውጭ ለቀስተኛው ተኮልኩሎ ይጠብቃል። ካህናቱ እርስ በርስ ያንሾካሽካሉ፤ ዑራኤል ቀሥፎ የወሰዳትን ልጅ በምን ዜማ እንደሚሸኟት ገና አልተስማሙም። መሪጌታ ይህን እየሰሙ እንዳልሰማ ሆነው ተቀምጠዋል።

ጥጋቡ ቀድሞ ተነሣ። «ልጄ፣ ምን ልትናገሪ እንደሆነ ከፊትሽ አየሁት። አንዷን ገደል ወሰደብን፤ አንዱን አንቺ አትውሰጂብን። ምንጩ ለከብት አይበቃም፤ ሚያዝያ ሲገባ ከብቶቻችን ምላሳቸውን አውጥተው ነው የሚሞቱት። ዝም ብትይ የሚጎዳ ማነው? የሞተችው ሞታለች።»

የሻረግ ወደ መሪጌታ ዞረች። ዝም ማለት ለአንድ አፍታ አምሯት ነበር፤ እሷም ውኃ ከማይገኝበት ከስማዳ ወረዳ ናት፤ ጭቃ ውኃ በነጠላ አጥልላ ጠጥታለች።

«ተናገሪ» አሉ መሪጌታ። «ልጄን ሰው ገደላት ከተባለ አለቅሳለሁ። ዑራኤል ገደላት ከተባለ ግን ለማን አለቅሳለሁ?»

«እሺ» አለች የሻረግ። «መኮትኮቻው የፍሬሕይወት ችግኝ ጣቢያ ንብረት ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ ከድንጋይ ሥር እንደሚቀመጥ አገር ያውቃል። ከአስከሬኑ ጎን ያስቀመጠው ሰው ‹ችግኝ ስትኮተኩት አዳልጧት ወደቀች› እንዲባል ፈልጓል። በሌላ ቀን ቢሆን እኔም አምን ነበር። ግን ከዚህ አጥቢያ የሆነ ሰው በዑራኤል ቀን መኮትኮቻ አያስቀምጥም። ‹ቀሠፋት› እንጂ ‹አዳልጧት› የሚል እንደማይኖር ያውቃላ! አያ ጥጋቡ ቢሆኑ እንስራ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ውኃ ስትቀዳ ወደቀች ይባል ነበር። አንተነህም ማኅሌት ቆሞ ያደረበትን ቀን አይረሳም። ያስቀመጠው ትናንት የሥራ ቀን የሆነለት ሰው ነው።»

«ማዶ ስንት አባወራ አለ!» አለ ምንተስኖት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ብዙ አለ። አፋፉ ላይ የተኮተኮቱትን ችግኞች ግን አየኋቸው። ገበሬ ሲኮተኩት አፈሩን ወደ ግንዱ ይሰበስባል። ያኛው ከታች በኩል ውኃ እንዲይዝ ተከትሯል፤ ተምሮ የመጣ እጅ ነው። በዚህ አገር እንዲህ የሚኮተኩቱ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ እሷ ናት።» ከኪሷ ወረቀቱን አውጥታ ፈታችው። «ይህ የገብስ እብቅ ነው። ጠዋት ከሳጥን በወጣ ንጹሕ ነጠላ ትከሻ ላይ ተሰክቶ ነበር። እጀታውም ላይ አለ። በዚህ ማዶ ትናንት አውድማ የረገጠ የለም። የወቃ ሰው እጅ ትከሻዋን ይዟል፤ ቀጥሎ መኮትኮቻውን ይዟል።»

ምንተስኖት ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ልገድላት አልነበረም የመጣሁት» አለ። «ቦታውን ልቀቂልኝ ልላት ነው። የእናንተ ምንጭ ተመልሷል፤ የእኛ እንደ ደረቀ ነው። እናቴ አንድ ጀሪካን ልትቀዳ ግማሽ ቀን ትሄዳለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ አይቀበሉም፤ እኔ ለመስከረም ሠላሳ አንድ እገባለሁ። ይኼ ካለፈ ሌላ የለኝም። ‹አልለቅም› አለችኝ። ‹ቆይ፣ አስጨርሰኝ› አለችኝ። አላስጨረስኳትም። ትከሻዋን ይዤ ገፋኋት። ገደሉን... ገደሉን ረስቼው ነበር። ከዚያ ደነገጥኩና መኮትኮቻ አመጣሁ፤ ችግኞቹን ኮተኮትኩ። እጄ ዝም ብሎ የለመደውን ሠራ።»

«ምን ልትነግርህ እንደነበር ታውቃለህ?» የሻረግ ሰማያዊውን ፋይል ከፈተች። ለኮሚቴው የተዘጋጀ ጽሑፍ ነው። «የመጀመሪያው ገጽ፤ ‹በጊዮርጊስ አጥቢያ የደረቀው ምንጭ።› የራሷን ምንጭ መጨረሻ ላይ ነው የጻፈችው። ከታች ደግሞ እንዲህ ትላለች፤ ‹ይህን ካርታ የሠራው ጓደኛዬ ምንተስኖት ነው። ኮሚቴው እሱን አስጠርቶ ከአፉ እንዲሰማ እለምናለሁ።›»

ምንተስኖት ወረቀቱን ለማየት እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው። ከዚያም መሬት ላይ ተቀመጠ። ያነሡት የሻረግን ተከትለው የመጡ ሁለት ፖሊሶች ናቸው።

መሪጌታ ወደ ካህናቱ ዞሩ። «ሰማችሁ? ልጄ አፈር አልነካችም» አሉ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያላለቀሱትን ለቅሶ ያን ጊዜ ለቀቁት። ደወሉ ተደወለ። ጥጋቡ ግን ከግድግዳው ተደግፎ ቆሞ ቀረ፤ የሚያየው መሬት ላይ የቀረውን ቦርሳ ነው።

ከቀብር በኋላ የሻረግ ስልክ ወደሚሠራበት ጉብታ ወጥታ አዲስ አበባ ደወለች። ቢሮ ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። አንዲት ትሑት ድምፅ ያላት ሴት አነሣች።

«ፍሬሕይወት ወልደ ገብርኤል ሰኞ ትደርሳለች አይደል?»

«ሞታለች።»

«እግዜር ያጽናችሁ! ተጠባባቂውስ?»

«አስሬዋለሁ።»

ሴትዮዋ ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማ። «ሌላ የምትልኩት አለ?»

የሻረግ ቁልቁል አየች። ለቀስተኛው እየተበተነ ነው። ሴቶቹ በዚያው ጀሪካናቸውን አንሥተው ወደ ምንጩ ይወርዳሉ።

«የለም። ግን የጻፈችው ወረቀት አለ። ካርታም አለው። በፖስታ ልላከው?»

«እኅቴ፣ ወረቀትማ እዚህ ሞልቷል» አለች ሴትዮዋ በሐዘን። «እኛ ያጣነው የሚናገር ሰው ነው።»