ከሰል የተቀባው እንቁላል

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬው ታሪክ ጨዋታችሁን አቋርጣችሁ ብትሰሙት የማያስቆጭ ነው። ዶሮ አለበት፤ ሌብነትም አለበት!

ሃይሚ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው ነገሌ ቦረና፣ ከገበያው ጀርባ ነው። እናቷ ወይዘሮ ወለተሐና አንዲት ገብስማ ቄብ ገዝታ፣ "ጠዋት ጠዋት ውኃና ጥሬ መስጠት ያንቺ ሥራ ነው" አለቻት። ሃይሚ ዶሮዋን በጣም ወደደቻት።

ዐቢይ ጾም ገባ። ዶሮዋ ግን እንቁላል አልጣለችም።

"ሃይሚዬ፣ እስከ ሆሣዕና ካልጣለች ለፋሲካ እናርዳታለን" አለች እናቷ።

ሃይሚ ደነገጠች። ጥፋቱ የራሷ ነበር። ያን ዓመት እስከ ስድስት ሰዓት መጾም ጀምራ፣ "እኔ እየጾምኩ እሷ ለምን ትበላለች? ትጹም!" ብላ ውኃና ጥሬ ትከለክላት ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆንም ሰኞ ማክሰኞ ስትጫወት ትረሳታለች። የነገሌን ፀሐይ ደግሞ ታውቁታላችሁ!

አንድ ቀን በጎረቤታቸው በአደ ሚርያም ዶሮ ጎጆ ውስጥ እንቁላል አየች። አደ ማለት በኦሮምኛ ወይዘሮ ማለት ነው። ግራ ቀኝ ቃኘች። ላፍ አድርጋ ወስዳ በገብስማዋ ማደሪያ አስቀመጠችው።

"እማዬ! ጣለችልን!"

እናቷ ደስ ብሏት እንቁላሉን ብታገላብጠው ከሥሩ የከሰል መስመር አለበት።

"የኛ ዶሮ መጻፍም ጀመረች?" አለች።

መስመሩ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ዶሮ ጎጆዋ ውስጥ እንቁላል ካየች እዚያው መጣል ትወዳለች። ስለዚህ አደ ሚርያም ሁልጊዜ አንድ ይተዉላታል። ከአዲሶቹ ጋር እንዳይምታታ በከሰል ያሰምሩበታል። ሃይሚ ይህን አላወቀችም!

"ሰርቄ ነው" አለች እያለቀሰች። "እንዳታርጃት ብዬ ነው።"

"በይ ለባለቤቱ ወስደሽ ንገሪ።"

ሃይሚ እንቁላሉን ይዛ ሄደች።

"አካም፣ አደ ሚርያም።"

"ናጋ፣ ልጄ። ምን ሆንሽ?"

"ይቅር ይበሉኝ። እንቁላልዎን የሰረቅኩት እኔ ነኝ።"

"አንቺ ነሽ! ዶሮዬ ጎጆዋ ባዶ ሲሆንባት እሾህ ውስጥ ገብታ ጣለች። ክንዴን እዪው፣ ተቧጭሬ ነው ያወጣሁት!"

ሃይሚ አንገቷን ደፋች። አደ ሚርያም አዘኑላት። "እሺ፣ ይቅር ብዬሻለሁ። ያንቺዋስ ለምን እምቢ አለች? ጠዋት ምን ትበላለች?"

"ጠዋት... ትጾማለች።"

አደ ሚርያም ሳቃቸው አመለጣቸው። "ዶሮ ትጾማለች? ልጄ፣ እንቁላል እኮ ከውኃና ከጥሬ ነው የሚሠራው! በማለዳ ንጹሕ ውኃ ጥላ ሥር አስቀምጪላት። የእንቁላል ቅርፊት አድቅቀሽ ከጥሬው ጋር ስጫት። ጨለም ያለ ጥግ ላይ ደረቅ ሣር አንጥፊና እንቁላል የሚመስል ነጭ ድንጋይ አኑሪበት።"

ከዚያ ወዲህ ሃይሚ ውኃውን ሳትሞላ ሰኞ ማክሰኞ አልተጫወተችም። የሆሣዕና ዋዜማ ደረሰ፤ ጎጆው ውስጥ ግን ከነጩ ድንጋይ በቀር ምንም የለም።

"ጣለች?" አለች እናቷ።

"ገና ናት፣ እማዬ" አለች ሃይሚ።

ሌላ እንቁላል ሰርቃ ማምጣት አቅቷት ነው? አይደለም፤ ዳግመኛ መዋሸት ስላልፈለገች ነው!

በማግስቱ ዘንባባ ይዘው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዶሮዋ ታስካካለች። ሃይሚ እየሮጠች ሄደችና እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች።

"እማዬ፣ አንቺው ነይና አንሺው! እኔ አልነካሁትም!"

እናቷ አነሣችው። ገና ትኩስ ነው።

"በይ እንግዲህ፣ ትኑርልሽ" አለቻት።

ልጆች፣ ጥፋታችንን በውሸት ከመሸፈን ይልቅ ተናዝዘን የተሰጠንን ሥራ በትጋት ብንሠራ እግዚአብሔር ይባርከናል። በሉ አሁን ወደ ቤት ሂዱና የዶሮዎቻችሁን የውኃ ዕቃ እዩ። ባዶ ከሆነ ሙሉት፣ ሣሩንም አንጥፉ፣ ሞክሩት!